አንድ እጀታ፣ ሦስት ስለት፣ አንድ ሌባ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

እስከ አምስት ሰዓት መብራት አልነበረም። የኮሌጁ ተማሪዎች ሦስት የመጋዝ ምላጭ ሰበሩ፤ ሰብረውም ሳቁ። ሌላ ቀን ቢሆን ወርክሾፑን በጩኸት አናውጠው ነበር። ዛሬ አብሬ ሳቅኩ… ምን ነካኝ?

የነካኝማ ይታወቃል። ጠዋት እትዬ ፈንታነሽ ከጉና ሥር ደውለው ነበር። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ "ድንቹን ቆፍሬ ጨረስሁት! በገዛ እጄ!" ሲሉ ብቻ ሰማሁ። ከዚያ ጠፉ። ይበቃኛል።

ክርስትና ያነሱኝ እሳቸው ናቸው። የቀጥቃጭ ልጅ ክርስትና ማንሳት በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም፤ ሰው ስንት ነገር ብሏቸዋል። የቀኝ እጃቸውን ሁለት ጣት የወፍጮ ቀበቶ ከወሰደው አራት ዓመቱ። የቀሩት ሦስቱም በደንብ አይታጠፉም። ማጭድ የማይጨብጥ ሰው ወንፈል አይገባም፤ የሰው ማሳ ያላጨደን ሰው ደግሞ የእሱን ማን ያጭድለታል? መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሊሰጡ ነበር።

ለዚህ ነው እጀታውን የጀመርኩት። ጭቃ አስጨብጬ የመዳፋቸውን ቅርጽ ወሰድኩ። ወፍራም የብረት ቱቦ፣ መዳፍ የሚሞላ፣ ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ የለበሰ፣ በእጅ ጀርባ ላይ የሚታሰር ጠፍር ያለው። ጣት ባይጨብጠው ጠፍሩ ይይዘዋል። አፉ ላይ ስለት ይቀያየራል፤ ማጭድ፣ መኮትኮቻ፣ ቢላ። ፒኗን ሳብ፣ አውጣ፣ ሌላውን አስገባ። በቃ። ለዚች "በቃ" ሁለት ዓመት ፈጀሁ።

ጥቅምት 7

ዝናብ። በጥቅምት! ገብሱ ላይ አያድርገው።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ሻይዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስልኬን እነካካለሁ። የኮሌጁ ገጽ። ደረጄ፣ በሙሉ ልብስ፣ ከረባት አስሮ፣ የእኔን እጀታ ይዞ! "የመምህር ደረጄ የፈጠራ ሥራ በክልል ደረጃ ለውድድር ተመረጠ።" ሰባት መቶ ሰው ወዶታል። ስክሪኑን ስነካካ እኔም ሳላውቅ ወደድኩት መሰለኝ… ሰባት መቶ አንድ።

ያ በወፍራም እጁ የጨበጠው እኮ የእትዬ ፈንታነሽ መዳፍ ነው። አልገጠመውም። ፎቶው ላይ እንኳ ያስታውቃል።

እንዴት አገኘው? ሰኔ ላይ። የቴክኖሎጂ ሽግግር ኃላፊው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ፊርማ ከመጋዘን አንድ ሜትር ቱቦ አይወጣም። ብረት እንዲፈቅድልኝ ብዬ የሥዕል ደብተሬን ወሰድኩለት። "ላንብበው፣ ተዪው እኔ ጋ" አለ። ተውኩታ! ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ጠየቅኩ? "ቤት ረሳሁት።" "መኪና ውስጥ ነው።" "ነገ።" ቱቦውን ከጋራዥ ለምኜ ሠራሁት።

ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል። ይኼኛው ግን ዳቦውን ከነመሶቡ ነው የወሰደው።

ጥቅምት 13

ቢሮው ገባሁ። ሳላንኳኳ። ሁልጊዜ "እርስዎ" ነበር የምለው፤ ዛሬ አፌ በራሱ "አንተ" አለ።

"ደብተሬን አምጣ።"

"የትኛውን ደብተር?"

"ደረጄ!"

"ተረጋጊ እንጂ። የተቋም ሥራ እኮ ነው። አንቺ ቴክኒሻን ነሽ፣ እኔ ተመራማሪ ነኝ። ምስጋናው ላይ ስምሽ አለ።"

አሳየኝ። የመጨረሻው ገጽ፣ የመጨረሻው መስመር፣ ከሾፌሩ ቀጥሎ። "ቴክኒሻን ዓይናለም።" የአባቴን ስም እንኳ አልጻፈውም።

ልወጣ ስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ደግሞ ለአንቺው ብዬ ነው" አለ። "የቀጥቃጭ ልጅ ሠራችው ቢባል ገበሬው ቤቱ ያስገባዋል? አንቺው ታውቂዋለሽ።"

ወጣሁ። መልሱ የመጣልኝ ደረጃውን ስወርድ ነው። ማጭዱን፣ ማረሻውን፣ ምሳሩን ማን የሠራላቸው መስሎት ነው? የቀጥቃጭ እጅ ያልነካው ብረት በየትኛው ገበሬ ቤት አለ? ቀን ማረሻ ያሠሩሃል፣ ማታ "ዓይናቸው ክፉ ነው" ይሉሃል። ይሄን ሁሉ ልለው እችል ነበር… ደረጃ ላይ የመጣ መልስ ምን ያደርጋል?

አልምረውም። ይኸው ጻፍኩት። አልምረውም።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ለዲኑ ለአቶ ታደሰ በጽሑፍ አመለከትኩ። "ስለቱ የሚቀያየረው እጀታ ንድፍ የእኔ ነው።" ቀን፣ ሙሉ ስም፣ ፊርማ።

"ማስረጃ አለሽ?"

"ደብተሬ።"

"የታል?"

"እሱ ጋ።"

"ሌላስ?"

"የሠራሁት እጀታ አለ። ጉና ሥር፣ የክርስትና እናቴ ጋ። ድንች ቆፍረውበታል።"

"ከመምህሩ አይተሽ ሠርተሽው ቢሆንስ?"

ይሄን ያለው ክፋት ኖሮት አይደለም። ስንፍና ነው። ማመልከቻዬ ላይ ማኅተም መታ፣ ፋይል ውስጥ ከተተ፣ ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ ከተተ፣ መሳቢያውን ቆለፈ። ከዚያ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ጤናዬ!

ጥቅምት 19

ደረጄን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ሰላም አለኝ። ቀድሞ! ቀኑን ሙሉ ሞረድ ስገፋ ዋልኩ። የሚሞረድ ነገር አልነበረም።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ጋፋት፣ አባዬ ጋ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ወናፉን ግን አሁንም አያስነኩም። ገና ሳልቀመጥ "ምን ሆነሻል?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ሁሉንም… ደረጄ ስለ ቀጥቃጭ ያለውን ብቻ አልነገርኳቸውም። ሰባ ዓመት የሰሙትን ከእኔ አፍ ምን ያሰማቸዋል?

"እስቲ ሥዕሉን" አሉ። ስልኬን ሰጠኋቸው። አራቁት፣ አቀረቡት።

"እዚህ አፉ ላይ፣ ስለቱ የገባበት፣ ብረት ነው እንጨት?"

አጎላሁት። እንጨት! ቱቦው ውስጥ የተወተፈ የባሕር ዛፍ እንጨት፣ ፒኗም የምትያዘው በእሱ ብቻ።

የመጀመሪያው ሥዕሌ ነው! የሰኔው። የጣልኩት!

"ገበሬ ነገ ሊያጭድ ሲል እጀታውን ማታ ምን ያደርጋል?" አሉ አባዬ፣ ዓይናቸው እየሳቀ።

"ውሃ ውስጥ ይነክራል።"

"እኮ!"

ሁለታችንም ሳቅን። እስክናለቅስ ሳቅን።

ለምን እንደሳቅን ልጻፈው። ሐምሌ ላይ ያንን የመጀመሪያውን እትዬ ፈንታነሽ ጋ ወስጄ ነበር። ሊሞክሩት በዋዜማው ማንንም ሳይጠይቁ ገንዳ ውስጥ ነከሩት። እጀታ ለሥራ ሲወጣ ይነከራል፤ እንጨቱ ያብጣል፣ ብረቱን ይነክሳል። ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ነው፤ ተዉ ብትላቸው እንደ እብድ ያዩሃል። ጠዋት እውነትም ጠብቆ አደረ፤ ሲኮተኩቱ ዋሉ። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሲበረታ እንጨቱ ደረቀ፣ ቱቦው ውስጥ ተጨምቆ ስለነበር ከበፊቱም አነሰ፣ መኮትኮቻው ከነውታፉ ወልቆ እግራቸው አጠገብ ጭቃው ላይ ተተከለ። በዚያው ሳምንት እንጨቱን አውጥቼ የብረት ቀለበት አስገባሁ፤ ፒኗን በብረት በብረት አሳለፍኳት። እሱ ነው ድንች የጨረሰው።

ደረጄ ግን ይሄን አያውቅም። ደብተሬ ውስጥ የለም። በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ማንም እጀታ አይነክርም።

ስወጣ አባዬ እጄን ያዙኝ። "እወቂበት። የሚወልቅ ብረት ማንን እንደሚመታ አይመርጥም።" እሺ አልኩ። የሰማሁ ግን አይመስለኝም።

ጥቅምት 23

ዝም አይነቅዝም። ዝም እላለሁ። ደረጄ ራሱ፣ በከረባቱ፣ በባለሥልጣን ፊት… ኪዳን አድርሼ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ይሄን ሳስብ መጣሁ። ደስ ይላል። ኃጢአት ነው፣ ደስ ይላል።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

አይ የእግዜር ሥራ! ዛሬ የሆነውን ማን ያምናል?

ደረጄ ወርክሾፕ መጣ። ከባሕር ዳር እንግዶች መጥተው ጉና ሥር ማሳ ላይ ያዩታል። ዐሥራ ሁለት እጀታ ይሠራ። በማን? በቴክኒሻኗ! ሥዕሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። የእኔን ሥዕል፣ በኮምፒውተር አሳምሮ። ውታፉ፣ ፒኗ፣ ሁሉም እንዳለ። ገልብጦም እንኳ አላሰበበትም።

"ትችያለሽ?" አለኝ።

"እንደ ሥዕሉ ነው የምሠራው" አልኩት። "ፈርምልኝና።"

"ምን ላይ?"

"ሥዕሎቹ ላይ። የወርክሾፕ ደንብ ነው። ንድፉ የማን እንደሆነ ካልተፈረመ ብረት አልቆርጥም።"

እንዲህ የሚል ደንብ የለም። ደስ ብሎት ፈረመ። አራት ገጽ፤ በእያንዳንዱ ላይ "ንድፍ፦ መምህር ደረጄ" ከነቀኑ። ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ኅዳር 8

ዐሥራ ሁለቱም አለቁ። በቶርኖ ማሽን አሳምሬ፣ በሞረድ አልስልሼ። እንዲህ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። አንዱንም አላበላሸሁም፤ አላስፈለገኝማ።

ማሳ ላይ የሚታይበትን ቀን መጀመሪያ ኅዳር 21 ብለውት ነበር። በጽዮን ማርያም ማን ያጭዳል? ገበሬው እምቢ ሲል 22 አደረጉት።

ኅዳር 11

ዛሬ የሚያጭዱት ሰዎች ስም ዝርዝር ተለጠፈ። እኔ እስከ ዛሬ እጀታውን ይዞ የምስለው ደረጄን ነበር። ለምን? ፎቶ ላይ ስለያዘው? ማሳ ላይም እሱ ይይዘዋል ብዬ? ሞኝ!

ዐሥራ ሁለት ገበሬ። እጁ የተጎዳ፣ ጉልበቱ የደከመ፣ ሽማግሌ፣ ባልቴት። አንደኛ ተራ ቁጥር፦ ወይዘሮ ፈንታነሽ።

መኮትኮቻ ወደ መሬት ነው የሚወርደው። ማጭድ ግን? አጫጅ ተጠጋግቶ ነው የሚሰለፈው። ጎን ለጎን…

ላስብበት።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስለ ማጭድ ሳስብ ቅዳሴው አለቀ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ጉና ሥር ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይገባል። እትዬ ፈንታነሽ ደጃቸው ላይ በእኔው እጀታ ጎመን እየከተፉ አገኘኋቸው፤ ቢላዋን አስገብተው።

"ሰኞ ሳምንት የሚሰጥዎትን እንዳይነክሩት" አልኳቸው።

"ያልነከርሁትን እጀታ ይዤ ማሳ ልውረድ? ሰው ምን ይለኛል?"

"ይወልቃል እትዬ። የሐምሌው ነው።"

መክተፉን አቆሙ። "የሐምሌው? ያ ልቡ እንጨት የሆነው?"

"አዎ።"

"ማን ሠራው?"

"እኔ። ደረጄ አዝዞኝ።"

"እያወቅሽ?"

ጎመኑ ላይ አቀረቀርኩ። ከዚያ የተቆረጠ እጃቸውን አንስተው ዓይኔ ሥር አደረጉት።

"በእኔ ቁስል እንጨት ልትሰጅ ነው? እጄን አሳይተሽ ሠራሽው፤ አሁን ደግሞ በእጄ ልትበቀይበት?"

"እርስዎ የእኔን ይዘው ይውጡ እንጂ…"

"ዐሥራ አንዱሳ?"

ጎመኑን ወደ ሰታቴው ገለበጡት። እጃቸውን እየጠረጉ፣ "ሰውየው ግን አንችን እንዲህ ማለቱን ይክፈል" አሉ። የቀጥቃጭ ልጅ ማለቱን ሰምተዋል። ከማን? አላውቅም። "ይክፈል። በደኻ እጅ ግን አይደለም። ሂጅና ንገሪው።"

"አላደርገውም።"

"ዓይናለም! ንገሪው አልሁሽ። የቀረውን ለእኔ ተይው።"

ኅዳር 16

ነገርኩት።

እንዴት እንደነገርኩት ነው ነገሩ። መምህራን ክበብ፣ ምሳ ሰዓት፣ የጾም ምግብ ከበው ተቀምጠው። ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ "የሰረቅከው የመጀመሪያውን ሥዕል ነው። ውሃ ነክቶት ፀሐይ ካገኘው ይወልቃል። ሁለተኛውን አልሰረቅክም፤ ለሌብነትም እኮ ዕውቀት ያስፈልጋል" አልኩት። ሁሉም ሳቁ። ደረጄ ፊቱ ደም መሰለ። "ቅናት ነው" አለ። "በሽታ ነው። ራሷ በሠራችው ላይ!"

ነግሬዋለሁ፣ አዎ። ምስክር አለኝ፣ ዐሥራ አምስት ሰው።

ቢሮው ገብቼ፣ በር ዘግቼ፣ ወረቀት ላይ ስዬ ባሳየው ያምነኝ ነበር። ደረጄ ሌባ ነው እንጂ ደደብ አይደለም። እንዳያምነኝ አድርጌ ነው የነገርኩት። ይሄን ከራሴ በቀር ማን ያውቃል? ነግሬም ዝም አልኩ።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ትናንት እጀታዎቹ ታድለዋል። አሁን አመሻሽ ነው። በዐሥራ ሁለት ቤት ውስጥ እየተነከሩ ነው… በዐሥራ አንድ ቤት።

ኅዳር 22

ደም። ነገ እጽፈዋለሁ። ዛሬ አልችልም።

ኅዳር 23

እንግዶቹ ሦስት ሰዓት ይመጣሉ ተባለ፤ መንገድ ተዘግቶባቸው ስድስት ሰዓት ደረሱ። ዐሥራ ሁለቱ እጀታ ሸራ ላይ ተደርድሮ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ የጉና ፀሐይ። አንድ ደመና የለም። እኔ ከወርክሾፕ ሳጥን ይዤ ዳር ቆሜ እያንዳንዷን ደቂቃ እቆጥራለሁ።

ደረጄ ንግግር አደረገ። ረጅም ንግግር። "ይህ የአርሶ አደሩን እጅ…" ምናምን። ተጨበጨበ። "እንግዲህ እናቶች፣ አባቶች፣ ማጭዳችሁን አንሡ" ሲል ማንም ሳይነቃነቅ እትዬ ፈንታነሽ ብቻቸውን ወጡ።

"መምህር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት።"

"ይናገሩ እናቴ።"

"በእኛ አገር ጠላ ስንቀዳ መጀመሪያ ማን ይቀምሳል?"

"ቀጂዋ ናታ" አለ፣ እየሳቀ።

"እንግዳ ፊት ሳይቀምሱ ማቅረብ ነውር ነው። የሠሩትን ማጭድም እንደዚያው ቀምሰው ይስጡን።"

ሕዝቡ ወደደው። እልል ተባለ። ሽማግሌዎቹ "እውነቷን ነው! ይቅመስ! ይቅመስ!" እንግዶቹ ስልካቸውን አወጡ። ምን ያድርግ? ኮቱን አወለቀ፣ ከረባቱን ትከሻው ላይ ጣለ፣ አንዱን አነሣ። ሌላው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸት አለ፤ እትዬ ናቸው በእጃቸው እየገፉ ያሸሿቸው።

ማጨድ ይችላል። ይሄን አላሰብኩም ነበር። የአንበሳሜ ገበሬ ልጅ ነው ለካ። ገብሱን በግራ እጁ ጥቅልል አድርጎ ይዞ፣ ማጭዱን ወደራሱ ሳብ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እፍኝ… ነዶው ከፍ አለ። ጭብጨባው ሞቀ። እሱም ሞቀው፤ ፈጠነ። እኔ ነደድኩ። ሠራለት! እንጨቱ እንኳ ከድቶኝ ለእሱ አደረ!

ስምንተኛው እፍኝ ላይ ሲስብ ውታፉ ዞረ። መውለቅ አይደለም፣ መጀመሪያ ዞረ። ስለቱ ተገልብጦ ገብሱን የያዘው ግራ እጁ ላይ ወጣ። ከዚያ ወለቀ።

ደስ አለኝ። ለራሴ ነው የምጽፈው፣ ምን ያዋሸኛል? ሲወልቅ፣ ያቺን አንዷን ቅጽበት፣ ልቤ ዘለለ። ከዚያ ገብሱ ቀላ።

ማን ቀድሞ እንደሮጠ አላወቅኩም፤ ለካ እኔ ነበርኩ። ሻሼን ፈትቼ አሰርኩት፣ ጥብቅ አድርጌ። ሁለቱ ጣቶቹ ተንጠልጥለዋል። ፊቱ አመድ መስሏል። ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተከለና፣ "ነግረሽኝ ነበር…" አለ።

ምን ልበለው? አዎ ልበለው?

ኅዳር 26

ጣቶቹ አልተቆረጡም፤ ጅማታቸው ግን ተቆርጧል። አይጨብጥባቸውም አሉ ሐኪሞቹ።

ማሳው ላይ የነበሩት የሚያወሩትን ሰማሁ። "የቀጥቃጯ ልጅ ዓይኗን ተክላ ስታየው ነበር፤ ዓይኗ ነው ያወለቀው።" ዓይኔ! ሁለት ዓመት የለፋሁበት፣ እንጨት ያብጣል ይኮማተራል ብዬ የደረስኩበት… ዓይኔ ነው አሉ። ከደረጄ ስርቆት ይልቅ ይሄ አቃጠለኝ።

እትዬ ደወሉ። ድምፃቸው ተሰብሯል። "ያፍራል ብዬ ነው እንጂ ይቆረጣል ብዬ መች አሰብሁ። እኔም አለሁበት።" አይደለም አልኳቸው። የሉበትም።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

የደረጄ ሚስት ወርክሾፕ መጣች። ደብተሬን ይዛ። ብረት መያዣው ሞርሳ አጠገብ አስቀመጠችው፣ ሰላም ሳትለኝ ሄደች።

ስምንት ሰዓት ላይ አቶ ታደሰ አስጠራኝ። የደረጄ ደብዳቤ፣ ከሆስፒታል። "ንድፉ የወይዘሮ ዓይናለም ነው። የእኔ ሚና ማስተባበር ብቻ ነበር።" ከአባቴ ስም ጋር! ስሜን ሙሉ ለሙሉ ጻፈው በመጨረሻ። ሲያምር ይዞት፣ ሲቆርጠው መለሰው።

ዲኑ የጥቅምቱን ማመልከቻዬን ከመሳቢያው አወጣ። አሁን ቁልፉ ተገኘ! "አንቺም የእኔ ነው ብለሻል፤ እሱም የእሷ ነው ብሏል። ተስማምታችኋል ማለት ነው። ሰው ተጎድቷል፤ ኮሚቴው ተጠያቂ ይፈልጋል።"

"እሱ የፈረመበት አራት ገጽ አለኝ።"

ፊቱ ተለወጠ። "አለሽ? እንዲያማ ከሆነ ነገሩ አለቀ። አምጪዋ! ንድፉ የእሱ ነው፣ እኔ ታዝዤ ሠራሁ በይ፤ ጥፋቱ እሱ ላይ ይቀራል።"

ይኸው። የምፈልገው ሁሉ ሳጥኔ ውስጥ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ልጻፍ፤ ደረጄ ከሥራም፣ ከስምም ይወጣል። አንድ ዓረፍተ ነገር… "የእኔ አይደለም።"

ታኅሣሥ 4

ጋፋት። አባዬ እየቀጠቀጡ ሰሙኝ። ስጨርስ ብረቱን እሳቱ ውስጥ መልሰው፣ "እኔ የሠራሁት ማረሻ ስንቴ ተሰብሯል" አሉ። "ገበሬው እየተሳደበ ያመጣዋል። የእኔ አይደለም ብዬ አላውቅም። የእኔ ካልሆነ እንዴት ላበጀው?"

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ጻፍኩት። ሁለት ገጽ ሆነ። አራቱን የተፈረሙ ሥዕሎች አያያዝኩ፤ ሰርቆኛል፣ ፊርማው ይኸው። ደብተሬንም አያያዝኩ፤ የሰኔው ሥዕል የእኔ ነው። የብረት ቀለበቱንና የእንጨት ውታፉን ጎን ለጎን ሣልኩ፤ እንጨቱ ሲነከር የት ድረስ እንደሚያብጥ፣ ሲደርቅ ምን ያህል እንደሚያንስ፣ በሚሊሜትር። ዓይን የሚባል ነገር እንደሌለበት ማንም አንባቢ እንዲገባው። በመጨረሻ፦ "እንደሚወልቅ ከሐምሌ ጀምሮ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ዐሥራ ሁለት ሠራሁ። ያስጠነቀቅኩትም እንዳይሰማኝ አድርጌ ነው።"

ይቅር ብዬው አይደለም። ዛሬም ሳስበው ጥርሴ ይጋጫል። ጣቱ አሳዝኖኛል፤ እሱ አላሳዘነኝም። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ ለካ።

አቶ ታደሰ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

"ዓይናለም፣ ይሄ የመጨረሻው አንቀጽ ከሥራ ያስወጣሻል። ብታወጪው ነፃ ነሽ እኮ። ስርቆቱን ይዘሻል፣ ፊርማውን ይዘሻል። ስህተቱን ለእሱ ተዪለት።"

"አልተውለትም" አልኩት። "እሱም የእኔ ነው።"

የወርክሾፑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሞረዶቼ የራሴ ናቸው፤ ይዣቸው ወጣሁ።